የመራጮች መረጃ እንዴት ይሾልካል? ምንጩስ እንዴት ይደረስበታል?

ጎንደር ላይ 18 ዓመት የሞላውና በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ዜጋ ለመምረጥ ይመዘገባል። መዝገቡ ከዚያ በኋላ ለነዋሪው ይፋ ይሆናል። ይህ አሠራር መቅረት የለበትም፤ የሞተ ሰው ስም ገብቶ ቢሆን የሚታወቀው በዚህ ነው። መዝገቡ ሰው ማንን እንደመረጠ አይናገርም። ስሙንና አድራሻውን ግን ይናገራል። ሰላም በራቀበት ጊዜ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

መረጃ ሾለከ ሲባል ብዙዎቻችን ሀከር ነው የሚታየን። አንዳንዴ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የፊሊፒንስ ምርጫ ኮሚሽን ድረ ገጽ ተሰብሮ የ55 ሚሊዮን ገደማ መራጮች መረጃ ወጥቷል። ይበልጥ የሚያሰጋው ግን በፈቃድ የተሰጠ ኮፒ ነው። ፒያሳ አካባቢ አንድ ዝርዝር ለማተም ብንሄድ ፋይሉን በቴሌግራም ወይም በፍላሽ እንሰጣለን። ወረቀቱን ይዘን እንወጣለን፤ ፋይሉ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀራል። ማንም አልሰረቀም፣ ዝርዝሩ ግን ከእጃችን ወጥቷል።

የሜክሲኮው ጉዳይ ምንጭ እንዴት እንደሚገኝ በደንብ ያሳያል። በዚያው በ2016 ክሪስ ቪከሪ የተባለ የደህንነት ተመራማሪ የ93 ሚሊዮን መራጮችን ዝርዝር አማዞን ሰርቨር ላይ ያለ ይለፍ ቃል አገኘው። የአገሪቱ ምርጫ አስፈጻሚ ዝርዝሩን ለፓርቲዎች ሲያድል በእያንዳንዱ ኮፒ ላይ የተለየ ስውር ምልክት አኑሮ ነበር። የሾለከውን ሲያመሳክሩት የሞቪሚየንቶ ሲውዳዳኖ ፓርቲ ኮፒ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ምልክት ለአንዱ ኮፒ ብቻ የገባ የውሸት ስም ሊሆን ይችላል፤ ሆን ተብሎ የተዛባ ፊደልም ይሆናል።

ምልክት ከሌለስ? ሥራው ይከብዳል፣ ተስፋ ግን አይቆረጥም። ዘግይተው የተመዘገቡ ሰዎች ስም ከጎደለ ኮፒው ከዚያ በፊት የተወሰደ ነው። ያኔ መዝገቡ በማን እጅ እንደነበር ይጣራል። በስልክ የተነሳ ገጽ ከሆነ የወረቀቱ እጥፋትና የማኅተሙ አቀማመጥ ከዋናው ጋር ይነጻጸራል። ፎቶው በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ የተነሳበት ሰዓትና ቦታ ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ከተላከ ግን አብሮት ሊቆይ ይችላል።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። እንዲህ ያለ ዝርዝር ግሩፕ ውስጥ ያየ ሰው ለሌላ አያስተላልፈው። የላኪውን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚያሳይ ስክሪንሹት ይያዝና ለምርጫ ቦርድ ያመልክት።