«መልካም ስም» ምንድን ነው?

«መልካም ስም ከብዙ ባለጠግነት ይሻላል» የምትለዋ የመጽሐፈ ምሳሌ ቃል (22፥1) ሰሞኑን ያልገባችበት ቦታ የለም። አንድ አገልጋይ ጥፋት ሠርቶ ነገሩ ሲወራ ወዲያው ትጠቀሳለች። «የቤተ ክርስቲያን ስም እንዳይጠፋ እዚሁ ይቅር» ይባላል። አንድ አስተያየት ሰጪማ ገበናን መሸፈን ራሱ መልካም ስምን መጠበቅ ነው ብለው ጻፉ። አዲስ ኪዳን ስለማስተምር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ጥቅሷ ይህን አትልም።

መልካም ስም እንደ ዋስ ነው። ማንም ለራሱ ዋስ አይሆንም። «አውቀዋለሁ፣ እኔ አለሁለት» ብሎ የሚፈርምልህ ሌላ ሰው ነው። የሚፈርመውም ያየውን ይዞ ነው።

ጣቢታን ተመልከቱ (ሐዋ. 9)። ኢዮጴ ላይ ታማ ሞተች። አጥበው ሰገነት ላይ አኖሯት። ጴጥሮስ ከልዳ ተጠርቶ ሲደርስ መበለቶቹ ፊቱ ቆመው ያለቅሳሉ፤ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስም ያሳዩታል። ዋሶቿ እነሱ ናቸው። ማስረጃቸውም እጃቸው ላይ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ጴጥሮስ ጸልዮ ከሞት ያስነሣት ልብስ ስለሠራች ነው ብላችሁ እንዳትሰብኩ። ክፍሉ እንዲያ አይልም።)

ዋስ ፈርሞልህ አንተ ስትጠፋ ዕዳው የሚወድቀው እሱ ላይ ነው። ጥፋቱ ተደብቆ አገልጋዩ ሲመሰገን፣ ምእመኑ ባላነበበው ወረቀት ላይ እየፈረመ ነው። ነገሩ የወጣ ቀን አንገቱን የሚደፋው እሱ ነው። አገልጋዩን አምና ልጇን የላከች እናት ናት። ታዲያ ስሙን ያጠፋው ማን ነው? የተናገረው ወይስ የሠራውና የሸፈነው?

ንጉሡ ዳዊት ይህን መሸፈን ሞክሮታል። የወታደሩ የኦርዮ ሚስት ቤርሳቤህ ከእሱ ማርገዟን ስትልክበት፣ ጽንሱ የባሏ እንዲመስል ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠርቶ «ወደ ቤትህ ውረድ» አለው። ኦርዮ ግን ጓደኞቹ ሜዳ ላይ ሰፍረው ሳለ ቤቱ መግባት አልሆነለትም። በንጉሡ ደጅ ከሎሌዎቹ ጋር አደረ። ዘዴው ሲከሽፍ ደብዳቤ ተጻፈ። ውጊያው በበረታበት ፊት አቁሙትና ከኋላው ሽሹ የሚል ነው። ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ ያደረሰው ኦርዮ ራሱ ነበር (2ኛ ሳሙ. 11)። የአንድ ንጉሥ ስም እንዳይጎድፍ ሰው ሞተ።

አሁን ማቴዎስን ግለጡ። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ሰሎሞን ከማን እንደተወለደ ሲናገር ቤርሳቤህን በስሟ አይጠራም። «ከኦርዮ ሚስት» ይላል (1፥6)። ዳዊት ሊቀብረው የደከመለት ነገር በጌታ የትውልድ ሐረግ ውስጥ ተጽፎ ቀረ። ዳዊት ይቅርታ አላገኘም ማለቴ አይደለም፤ አግኝቷል። ያገኘው ግን ነቢዩ ናታን ፊት ለፊት ሲነግረው «በድያለሁ» ብሎ ነው።

እኚሁ አስተያየት ሰጪ ማቴዎስ 18ን አነሡ። «ወንድምህ ቢበድልህ አንተና እርሱ ብቻችሁን ሆናችሁ ውቀሰው» ይላል አሉ። ይላል፤ ግን እዚያ አያቆምም። እሱ አንተን ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምር፣ እነሱንም ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን ንገር ይላል። ጥፋቱ ወንጀል ከሆነ ደግሞ ፖሊስና ፍርድ ቤት አለ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። የምሳሌ ቃል ብዙውን ጊዜ የሚሆነውን ይናገራል እንጂ የተስፋ ቃል አይደለም። ዮሴፍ ምንም ሳያጠፋ በጌታው በጲጥፋራ ሚስት ክስ ወህኒ ወርዷል። ስለዚህ ስሙ የጠፋ ሁሉ ጥፋተኛ አይባልም። ክስ ሲመጣ መመርመር የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው፤ ሲሸፋፈን ንጹሑም አብሮ ይጠረጠራል።

ጳውሎስ ኤጲስ ቆጶስ የሚሆን ሰው በውጭ ባሉት ዘንድም መልካም ምስክር ይኑረው ይላል (1ኛ ጢሞ. 3፥7)። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ስትመርጡ አብረውት የሚዘምሩትን ብቻ አትጠይቁ። ጎረቤቱን ጠይቁ፣ የሰፈሩን ባለሱቅ ጠይቁ። እኔ ብሆን አስቀድሜ የምጠይቀው ቤቱ ተቀጥራ የሠራችውን ሠራተኛ ነው። ደመወዟን በጊዜው ይከፍላት እንደነበር እሷ ታውቃለች።