«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ ድሮቹ የሚያብሩት እንዴት ነው?

«ድር» ሸረሪት የምታደራው ክርም ነው፣ ሸማኔ ማግ የሚያስገባበትም። ሁለቱም ነጠላ ሆነው ሲሳቡ ብጥስ ይላሉ። «አበረ» ማለት ገጠመ፣ ተባበረ ነው።

ተረቱ አብዛኛውን ጊዜ «አንድነት ኃይል ነው» ተብሎ ይፈታል። ፍቺው ልክ ነው፤ ግን «ቢያብር» ውስጥ ያለችውን «ቢ» ይዘላታል፣ ቁም ነገሩ ያለው ደግሞ እሷ ላይ ነው። አንበሳው እንዲታሰር ሁሉም ድር ይፈልጋል፤ ቀድሞ ብቻውን የሳበ ግን ይበጠሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሌላው የት፣ መቼ እንደሚስብ መገመት አለበት።

አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ቶማስ ሼሊንግ በ1960 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ግምት ይመረምራል። «ኒው ዮርክ ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ልትገናኙ ነው፤ ቦታም ሰዓትም አልተቃጠራችሁም፣ መነጋገርም አትችሉም» ብሎ ሰዎችን ሲጠይቅ ብዙዎቹ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያን፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል ደግሞ እኩለ ቀንን መረጡ። መልስ ሰጪዎቹ የኒው ሄቨን ከተማ ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያ ወደ ኒው ዮርክ የሚሄዱት ባቡሮች በብዛት የሚያደርሱት እዚያው ግራንድ ሴንትራል ነው። ከሳንቲም ሁለት ገጾች ሳይነጋገሩ አንዱን እንዲመርጡ ሲጠየቁም ከ42ቱ 36ቱ ራስ ያለበትን አሉ። እንዲህ ያለው የጋራ ግምት ማረፊያ አንዱ የሌላውን ምርጫ እየገመተ እንዴት እንደሚወስን በሚያጠናው በጨዋታ ንድፈ ሐሳብ «ፎካል ፖይንት» ይባላል።

ማረፊያው እንዲሠራ ሁለታችንም ልናውቀው፣ ሌላውም እንደሚያውቀው ልናውቅ፣ አምሳያም ሊያጣ ይገባል። አዲስ አበባ ላይ «ማርያም ጋ እንገናኝ» የሚለው በመጨረሻው ይወድቃል፤ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ብዙ ነው። መስቀል አደባባይ አንድ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል፤ ነገር ግን ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሰው በሁለት ጠርዝ ቆሞ ሊተጣጣ ይችላል። በሰዓት በኩል ያለው ችግር ይብሳል። ከውጭ የመጣ ዘመድ «በ3 ሰዓት» ሲባል በለመደው ሰዓት ከቀትር በኋላ 3 ብሎ ከያዘው 6 ሰዓት ሙሉ ዘግይቶ ይመጣል። «ከጠዋቱ 3» ቢባል ግን በእሱ አቆጣጠር ሌሊት ስለሚሆንበት መልሶ ይጠይቃል።

ስልክ ሲቋረጥም ያው ነው። ሁለቱም እኩል ሲደውሉ ለሁለቱም «ተይዟል» ይላል፤ ሁለቱም ሲጠብቁ ማንም አይደውልም። ከመቋረጡ በፊት የደወለው መልሶ ይደውል፤ ሌላው ስልኩን በእጁ ይዞ ይጠብቅ።