«ትርጉሙ ያልተለየ ለውጥ» ምንድን ነው?

ባለፈው እሁድ ጅማ፣ አክስቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። አክስቴ ከቁም ሳጥን ፖስታ አወጣች። «እስቲ ይሄን አንብብልኝ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተገኝቶብሻል እያለኝ ነው» አለች። እናቷም እህቷም በጡት ካንሰር ነው ያለፉት። ውጭ አገር ያለው ልጇ የዘረመል ምርመራ አስደርጎላት ነበር። ውጤቱ ሦስት ገጽ ነው። ዋናው ቃል ሁለተኛው ገጽ መሀል ተቀብሯል፦ ትርጉሙ ያልተለየ ለውጥ።

ጂን በአራት ፊደላት የተጻፈ የሰውነት መመሪያ ነው እንበል። ሁላችንም ጋ ከሌላው ሰው የሚለይ ፊደል አለ፤ አብዛኛው ምንም አያደርግም። እንደ ፈረንጆቹ በ2015 በወጣው መመሪያ መሠረት ብዙ ላቦራቶሪዎች ለውጦቹን በአምስት ደረጃ ይመድባሉ። ከላይ በሽታ አምጪ፣ ከታች ጉዳት የለሽ፣ መሀል ላይ ማስረጃው ወዲህም ወዲያም ያላጋደለ። የአክስቴ የመሀሉ ነው። «አለብሽ» አይልም፤ «ነጻ ነሽ»ም አይልም።

የቀሩት ሁለት ደረጃዎች አማርኛ ላይ ያስቸግራሉ። «ምናልባት በሽታ አምጪ» እና «ምናልባት ጉዳት የለሽ» ብንላቸው ሰሚው ሃምሳ ሃምሳ ይመስለዋል። መመሪያው ግን ከ90 በመቶ በላይ እርግጠኝነት ማለቱ ነው። እኔ ብሆን «በሽታ አምጪነቱ በጣም ያመዘነ» ብዬ እጽፋለሁ።

ስያሜውም አንድ መሆን አለበት። ከጡት ካንሰር ጋር በሚያያዘው፣ ብራካ 1 በተባለው ጂን ላይ ሁለት ፊደል የሚጎድልበት የታወቀ ለውጥ አለ። ድሮ በ185 ቁጥር ይጠራ ነበር፤ ዛሬ 68 እና 69 ተብሎ ይጻፋል። ለውጡ ያው ነው፤ የተቀየረው በዋናነት መቁጠር የሚጀመርበት ቦታ ነው። እናት በድሮው፣ ልጅ በአዲሱ ቢጻፍላቸው ሁለት የተለያየ ነገር ይመስላል። የጅማ ነጋዴ «ጅማ 5» ሲል ባሕር ማዶ ያለው ገዢ የትኛው ቡና እንደሆነ ያውቃል። የሰው ጤና የተጻፈበት ወረቀት ከዚህ ማነስ የለበትም።

ትርጉሙ ያልተለየ ለውጥ ስለተገኘ ብቻ ጡት አይቆረጥም። የቤተሰቧ ታሪክ ግን ራሱን የቻለ ምክንያት ነውና የአክስቴ ክትትል ይቀጥላል። ማስረጃ ሲጨመር ደረጃው ይቀየራል፤ ከሚቀየሩት አብዛኞቹ ወደ ጉዳት የለሽ ነው የሚወርዱት። እኛ አፍሪካውያን በዘረመል መረጃ ቋቶች ውስጥ ጥቂት ስለሆንን ይሄ ውጤት እኛ ላይ ይበዛል።

ወረቀቱ ጀርባ ላይ በአማርኛ ጻፍኩላት፦ «ካንሰር አምጪነቱ የታወቀ ለውጥ አልተገኘም። ትርጉሙ ያልተለየ አንድ ለውጥ አለ። ከዓመት በኋላ ሐኪም ይጠየቅ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። «ታዲያ ይሄንን ፊት ለፊት ቢጽፉት ምን ነበረበት?» አለች።