አንቶሎጂ ተከታታይ ፊልም ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ፍላሽ ይዞ ሄዶ ተከታታይ ፊልም ያስጫነ ሰው በማግስቱ ተናዶ ሊመለስ ይችላል። «ምዕራፍ 2 ብዬህ ሌላ ፊልም ነው የጫንክልኝ!» የጫነው ልጅ ጥፋት የለበትም። ፊልሙ «አሜሪካን ሆረር ስቶሪ» የሚባለው አስፈሪ ተከታታይ ከሆነ ፋይሉ ትክክል ነው።

ተመልካቹም ቢናደድ አይፈረድበትም። ምዕራፍ 1 ላይ ያየው ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሙታን የማይለቁት ቤት የገዛ ቤተሰብ ነው። ምዕራፍ 2ን ሲከፍት ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1964 ሆኗል። ቦታው ደግሞ ማሳቹሴትስ ውስጥ ያለ፣ ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረው የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ነው። ቤተሰቡ የለም፣ ቤቱም የለም። የቤተሰቡን ነገረኛ ጎረቤት ሆና የተወነችው ጄሲካ ላንግ አሁን ቆብ ደፍታ መነኩሲት ሆናለች፣ ሕሙማኑን በአርጩሜ ትገርፋለች።

እንዲህ ያለው ሥራ አንቶሎጂ ይባላል። ርዕሱ አንድ ነው፤ ከሥሩ ያሉት ታሪኮች ግን እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመረው «ዘ ትዋይላይት ዞን» በየክፍሉ ታሪክ ይቀይር ነበር። «ብላክ ሚረር»ም እንደዚያው ነው። ራያን መርፊና ብራድ ፋልቸክ በ2011 ያመጡት «አሜሪካን ሆረር ስቶሪ» ግን አንዱን ታሪክ ሙሉ ምዕራፍ ይዞት ይቆይና በሚቀጥለው ከዜሮ ይጀምራል። የሚቀጥሉት ተዋንያኑ ናቸው፣ እነሱም በሌላ ስምና በሌላ ጠባይ።

መንዝ ውስጥ ተረት እየሰማ ላደገ ሰው ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። አያ ጅቦ በአንዱ ተረት ተታሎ ገደል ይገባል። በሚቀጥለው ተረት ከነሆዳምነቱ ተመልሶ ይመጣል። «ሞቶ አልነበር እንዴ?» ብሎ አያቱን የሚያፋጥጥ ልጅ የለም። በየምዕራፉ እየተመለሱ የሚተውኑትን ኢቫን ፒተርስና ሳራ ፖልሰንንም እንደዚያው አድርጎ ማየት ነው።

ለምን እንዲህ ይሠራሉ? አስፈሪ ታሪክ ቶሎ ስለሚያረጅ ይመስለኛል። ቤቱ የሙታን ከሆነ «ታዲያ ለምን ለቀው አይወጡም?» የሚለው ጥያቄ አምስት ዓመት ሙሉ መልስ ሳያገኝ አይቆይም። አንድ ምዕራፍ ላይ ከተዘጋ ግን ማንም ሊሞት ይችላል፣ ዋናው ገጸ ባሕርይም ቢሆን። ለታዋቂ ተዋንያንም ይመቻል፤ ለዓመታት አይታሰሩም። ዘፋኟ ሌዲ ጋጋ በ2015 ምዕራፍ 5 ላይ ሠርታ የጎልደን ግሎብ ሽልማት ወስዳበታለች።

የለውጡ ነገር ጥግ የደረሰው ምዕራፍ 6 ላይ ነው። መነሻው እውነተኛ ታሪክ ነው። በ1587 ሮአኖክ በምትባል ደሴት ላይ የሰፈሩ እንግሊዛውያን ነበሩ። ገዢያቸው በ1590 ከእንግሊዝ ሲመለስ አንድም ሰው አላገኘም። ይህ ምዕራፍ በ2016 ከመታየቱ በፊት ጣቢያው ጉዳዩን ደብቆ ሆን ብሎ የሚያሳስቱ ማስታወቂያዎች ለቀቀ። ሲጀምር ዘጋቢ ፊልም መስሎ ቁጭ አለ። ባለታሪኮቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው የደረሰባቸውን ይናገራሉ፣ ተዋንያን ደግሞ ያንን በትወና ያሳያሉ። ክፍል 6 ላይ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ፕሮዲውሰሩ ባለታሪኮቹንና የተወኑላቸውን ተዋንያን አንድ ላይ ታሪኩ ደረሰበት የተባለው ቤት አስገብቶ በካሜራ ይቀርጻቸዋል። እስካሁን ስናይ የቆየነው «ትወና» ነበር፤ አሁን የሚሞተው «እውነተኛው» ሰው ነው። እንዲህ ያለ ድፍረት በሌላ ተከታታይ ፊልም ላይ ብዙም አላየሁም።

ጉድለትም አለበት። ሁልጊዜ አዲስ የመሆን አባዜ ብዙ ነገር ያስጎርሰዋል። ምዕራፍ 2 ውስጥ ብቻ ሰይጣን፣ የናዚ ሐኪም፣ ነፍሰ ገዳይና ከሌላ ፕላኔት የመጡ ፍጡራን አሉ። ለኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይኸው ምዕራፍ ነው። አንድ ወጣት ላይ ያደረውን መንፈስ ለማስወጣት ሲታገሉ የሚያሳይ ክፍል አለው። ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ሄዶ የሰው ጩኸት የሰማ ሰው ያንን ክፍል እንደ ሆሊውድ ሰው አያየውም።

ደግሞ ሙሉ በሙሉ የተነጣጠለ ነው ማለትም አይቻልም። ምዕራፍ 8 ከ1 እና ከ3 ጋር ይገናኛል፣ ስለዚህ እነሱን ሳያዩ እሱን መክፈት አይመከርም። ከዚያ ውጪ ደስ ባለዎት መጀመር ይችላሉ፤ እኔ ምዕራፍ 2ን እላለሁ። ደምና ወሲብ ስለሚበዛበት ግን ቴሌቪዥኑ ሳሎን ከሆነ ልጆቹ ይተኙ፣ እናትና አባትም ባይኖሩ ይሻላል።