«ደወሉ ሲደወል ጥሩኝ» እና ሌሎች የኦሎምፒክ ስህተቶቻችን

ኦሎምፒክ ወደ ወሎ የሚመጣው በክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ። ደሴ ላይ ጦሳ በጉም ይሸፈናል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ሰው ቤቱ ይሰበሰባል። ቡና ይቆላል፣ ቴሌቪዥን ይከፈታል። ቴሌቪዥን የሌለው ጎረቤት ጋ ይሄዳል። እኔም ሩጫ ማየት የተማርኩት እንዲህ ባለ ቤት፣ ረከቦት አጠገብ ተቀምጬ ነው። ያኔ የሰማኋቸውን አባባሎች ዛሬም በየአራት ዓመቱ እሰማቸዋለሁ። በፍቅር የሚባሉ ናቸው፤ ግን ብዙዎቹ ልክ አይደሉም። ይባስ ብሎ ከውድድሩ ምርጡ ክፍል እንዲያመልጠን ያደርጋሉ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው። የውድድሮቹን ዓመት የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ «ዓ.ም.» ያልኩበት ብቻ በእኛ ነው።

«10 ሺህ ሜትር የሚታየው የመጨረሻው ዙር ላይ ነው»

ይህ የማይባልበት ቤት የለም። «ደወሉ ሲደወል ጥሩኝ» ብሎ ወደ ጓዳ የሚገባ ሰው ሁሌም አለ። ቡና ላይ በረካው ሲቀዳ እንደሚደርስ እንግዳ ነው። መጠጣቱን ይጠጣል፤ አቦሉ ግን አምልጦታል።

እውነታው፦ የመጨረሻውን ዙር የሚያበስረው ደወል ሲደወል ሥራው በአብዛኛው ተሠርቷል። 10 ሺህ ሜትር 25 ዙር ነው። ፊት የሚመራው ነፋሱን ይጋፈጣል፣ ከኋላው ያለው ይከለላል። ከውስጠኛው መስመር ወጥቶ በሁለተኛው የሚሮጥ ሰው በየዙሩ ሰባት ሜትር ገደማ ትርፍ ይሮጣል። ውስጥ የገባው ደግሞ በሰው ታጥሮ መውጫ ሊያጣ ይችላል። ማን የት ቦታ ያዘ? ማን ፍጥነቱን ጨመረ? ማን ዝም ብሎ ይከተላል? ጨዋታው ይሄ ነው።

ሪዮ 2016ን አስታውሱ። አልማዝ አያና በሴቶች 10 ሺህ ሜትር ደወል አልጠበቀችም። ገና ብዙ ዙር ሲቀር ተነጥላ ሄደች። በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ገባች። ከ1993 ጀምሮ ቆሞ የነበረውን የዓለም ክብረ ወሰን በ14 ሰከንድ አሻሻለች። በመጨረሻው ዙር ተጠርቶ የመጣ ሰው ያየው ብቻዋን የምትሮጥ ሴት ነው። እንዴት ብቻዋን እንደቀረች አላየም።

ፓሪስ 2024 ደግሞ ሌላ ዓይነት ነበር። በሪሁ አረጋዊ፣ ሰሎሞን ባረጋና ዮሚፍ ቀጄልቻ ፊት እየወጡ ሩጫውን አፈጠኑት። አንዱ ዙር በአማካይ በ64 ሰከንድ ተሮጠ ማለት ይቻላል። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ26 ደቂቃ ከ43.14 ሰከንድ አሸነፈ፤ ቀነኒሳ በቀለ በ2008 ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ተሰበረ። በሪሁ በ43.44 ብር ወሰደ። አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር በ43.46 ሦስተኛ ሆነ። ከ10 ሺህ ሜትር በኋላ ብርና ነሐስን የለየው የሰከንድ ሁለት መቶኛ ነው።

«ትንፋሽ የሚያህል ልዩነት ያለው 100 ሜትር ላይ ነው» የሚል ካለ ደግሞ ሲድኒ 2000ን እጠቅስለታለሁ። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። በዚያው ኦሎምፒክ የወንዶች 100 ሜትር ፍጻሜ አንደኛና ሁለተኛውን የለየው 0.12 ሰከንድ ነበር። 25 ዙር የሮጡት ከ100 ሜትሮቹ ይልቅ ተጠጋግተው ገቡ!

ስለዚህ ሰዓት ያዙ። በየዙሩ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠሩ። 66 የነበረው 62 ከሆነ አንድ ነገር ተጀምሯል ማለት ነው። ዓይናችሁን ከመሪው አንሱና አራተኛና አምስተኛ ላይ ያሉትን ተመልከቱ። አንዱ ፊቱ ተኮሳትሯል፣ ሌላው ትከሻው እንደላላ ነው። እዚያ ላይ ቡናው እንኳ ይረሳል።

«ዳገታማ ማራቶን ቀርፋፋ ነው፤ ተጠባባቂም አያሸንፍም»

ሁለቱንም በአንድ ቀን ያፈረሰው ታምራት ቶላ ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.። ውድድሩ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተጀመረ።

ታምራት ወደ ፓሪስ የሄደው ተጠባባቂ ሆኖ ነው። ሲሳይ ለማ ሲጎዳ ተተካ። ብዙ ሰው «ተጠባባቂ ምን ይሠራል?» አለ። ግን ይህ ሰው በ2016 ሪዮ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ያገኘ፣ በ2022 በማራቶን የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ በ2023 የኒው ዮርክን ማራቶን በቦታው ክብረ ወሰን ያሸነፈ ነው። ኒው ዮርክ ደግሞ ድልድይና ዳገት የበዛበት ነው። በእኛ ቡድን ውስጥ ተጠባባቂ መባል ደካማ መባል አይደለም። ቦታው ሦስት ብቻ ስለሆነ ነው።

የፓሪሱ መንገድ በድምሩ 436 ሜትር ሽቅብ ያስወጣ ነበር። በአንዳንድ ቦታ በየመቶ ሜትሩ 13 ሜትር ተኩል ይወጣል። ከኮምቦልቻ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወደ ደሴ የወጣ ሰው ዳገት ምን እንደሆነ ያውቀዋል፤ መኪናው ራሱ ያቃስታል። ታምራት 29ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ሌሎቹ ትንፋሽ በሚቆጥቡበት አቀበት ላይ ጥሏቸው ሄደ። በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገባ። በ2008 ከተመዘገበው የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን በስድስት ሰከንድ ተሻለ። ያኔ ከተቀመጥኩበት መነሳቴን ያወቅኩት ከተነሳሁ በኋላ ነው።

ከታምራት በኋላ ቴሌቪዥኑን ያጠፋ ሰው ግን ቀነኒሳን አላየም። 42 ዓመቱ ነበር፤ 39ኛ ሆኖ ጨረሰ። በትራክ ሦስት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ሰው አላቋርጥም ብሎ እስከ መጨረሻው መሮጡ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በማግስቱ እሑድ ደግሞ የሴቶቹ ነበር። ትዕግስት አሰፋና ሲፋን ሐሰን ከ42 ኪሎ ሜትር በኋላ ተጠጋግተው የመጨረሻዋ ጥግ ላይ ተነካኩ። ሲፋን በሦስት ሰከንድ ቀደመች። ይግባኝ ተጠየቀ፣ ውድቅ ሆነ። ያ ብር እኛ ቤት እስከ ማታ አከራከረ። ሲፋን ግን ከዚያ በፊት በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ሁለት ነሐስ ወስዳ ነበር። በዚያ ኦሎምፒክ ብቻ ከ62 ኪሎ ሜትር በላይ ሮጣለች። የኦሮሚያ ልጅ፣ ለኔዘርላንድስ። መከፋትም ማድነቅም አብረው ይሄዳሉ።

«መሰናክል የኬንያ ነው፣ ለእኛ አይሆንም»

ለዚህ አባባል ምክንያት ነበረው። ከ1968 እስከ 2016 ኬንያ በተካፈለችበት ኦሎምፒክ ሁሉ የወንዶች 3 ሺህ ሜትር መሰናክል ወርቅ የእሷ ነበር። በ2021 ቶኪዮ ላይ ግን ሞሮኳዊው ሱፊያን ኤል ባካሊ ሰበረው። ሁለተኛው የእኛው ለሜቻ ግርማ ነው። የዓለም ክብረ ወሰኑም የለሜቻ ሆነ፦ በ2023፣ በ7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ። ከዚያ በፊትም እሸቱ ቱራ በ1980 ሞስኮ ላይ ነሐስ አግኝቶበታል።

ውድድሩ ራሱ ልብ ይሰቅላል። 28 መሰናክልና 7 የውሃ ዝላይ አለው። መሰናክሉ እንደ 110 ሜትር መሰናክል ሲነካ የሚወድቅ አይደለም፤ ጠንካራ እንጨት ነው። ፓሪስ ላይ ለሜቻ በመጨረሻው ዙር እግሩ ተይዞ ወደቀና ጭንቅላቱ ተመታ። በቃሬዛ ሲወጣ ቤቱ ሁሉ ጸጥ አለ። አሮጊቶቹ ዱአ ያዙ፣ ሌሎቹ አማተቡ። በኋላ ደህና መሆኑ ሲሰማ ነው እህል የቀመስነው።

«የእኛ ልጅ ከሌለበት ምን ይታያል?»

ብዙ ይታያል። በፓሪስ የወንዶች 100 ሜትር ኖኅ ላይልስና ኪሼን ቶምሰን ሁለቱም 9.79 ተብለው ገቡ። ሲመነዘር 9.784 እና 9.789 ሆነ። የሰከንድ አምስት ሺኛ! በሴቶቹ 100 ሜትር ያሸነፈችው ጁሊየን አልፍሬድ ነች። ከቅድስት ሉቺያ፣ ሕዝቧ ሁለት መቶ ሺህ ከማይሞላ ደሴት። አገሯ ከዚያ በፊት አንድም የኦሎምፒክ ሜዳሊያ አልነበራትም።

የምርኩዝ ዝላይን እስከ መጨረሻው አይቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ አንድ ጊዜ ይሞክረው። ስዊድናዊው ሞንዶ ዱፕላንቲስ ወርቁን ካረጋገጠ በኋላ አልሄደም። አሞሌውን 6 ሜትር ከ25 ላይ አሰቀለ። ሁለት ጊዜ ሳተ፣ በሦስተኛው አለፈ። የዓለም ክብረ ወሰን።

«አጭር ርቀት አይመለከተንም» ለሚለውም መልስ አለ። ጽጌ ዱጉማ ፓሪስ ላይ በ800 ሜትር ብር አገኘች። በዚህ ርቀት የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ነው። 800 ሜትር ሁለት ዙር ብቻ ነው፤ ዞር ብለህ ሲኒ እስክታስቀምጥ ያልቃል።

«ሯጭ የሚወጣው ከቦቆጂ ብቻ ነው»

ይህን ከወሎ ልጆች አፍ ስሰማ ያመኛል። ቦቆጂ ደራርቱን፣ ቀነኒሳን፣ ጥሩነሽን፣ ፋጡማ ሮባን አውጥታለች፤ ክብር ይገባታል። ግን ምሩጽ ይፍጠር ከአዲግራት ነው። አልማዝ አያና ከቤንሻንጉል ነች። መሠረት ደፋር ያደገችው አዲስ አበባ ነው። ከፍታ ከሆነ ደሴም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ የደላንታና የመቄት ልጅ ደግሞ ከዚያም በላይ እየሮጠ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው። ቦቆጂ ላይ ከአየሩ ሌላ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ነበረ። ልጆቹን ገና በትምህርት ቤት ሳሉ እያየ የሚለይ፣ በየማለዳው ሜዳ ላይ የሚገኝ ሰው። እኛ አካባቢም የጎደለው አየር ሳይሆን እንዲህ ያለ ሰው ነው።

«አበበ ባዶ እግሩን የሮጠው ጫማ ስላልነበረው ነው»

አይደለም። በ1960 ሮም ላይ የቀረበለት ጫማ አልተመቸውም፤ በባዶ እግሩ መሮጥም የለመደው ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሳምንታት በኋላ፣ ከሮሙ በፈጠነ ሰዓት ደግሞ አሸነፈ።

«ከሩጫ ውጭ ኢትዮጵያ ኦሎምፒክ ላይ አልነበረችም»

በ1956 ሜልቦርን ላይ መጀመሪያ ስንካፈል ብስክሌተኞቻችንም ነበሩ። በ2006 ደግሞ ሮቤል ተክለማርያም በጣሊያን ቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳደረ።

«መዝጊያው ከተካሄደ በኋላ የሚታይ ነገር የለም»

እኔም ለብዙ ዓመት እንዲህ አስብ ነበር። ከመዝጊያው ጥቂት ሳምንት በኋላ ፓራሊምፒክ ይጀመራል። ትዕግስት ገዛኸኝ ቶኪዮ ላይ በ1500 ሜትር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ አመጣች። ፓሪስ ላይ ደገመችው። በዚያው በፓሪስ ያየሽ ጌቴ ሙሉ በሙሉ ማየት ለተሳናቸው በሚደረገው 1500 ሜትር ወርቅ ወሰደች፤ በዓለም ክብረ ወሰን ጭምር።

በዚህ ምድብ ሁሉም ሯጭ ዓይኑን ይሸፍናል፣ ማንም ትንሽ ብርሃን እንኳ አይቶ እንዳይጠቀም። አጠገቡ መሪ ሯጭ አለ። ሁለቱን የምታገናኘው በእጃቸው የያዟት አጭር ገመድ ብቻ ነች። እርምጃቸው አንድ ነው፣ እጃቸው አብሮ ይወዛወዛል። መሪው ከሯጩ ቀድሞ መስመሩን መርገጥ አይችልም። አንድ ጊዜ እግራቸውን ብቻ ተመልከቱ።

«አትሌቲክስ ሁሌም በሁለተኛው ሳምንት ነው፣ እስከዚያ አይቸኩልም»

በሚቀጥለው ይህን ያለ ሰው ይቆጨዋል። የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ከሐምሌ 7 እስከ ሐምሌ 23 ቀን 2020 ዓ.ም. ነው። በዚህኛው የትራክ ውድድሮች ወደ መጀመሪያው ሳምንት መጥተዋል፤ የውሃ ዋና ወደ ሁለተኛው ተዛውሯል። የሴቶች 100 ሜትር ፍጻሜ ገና በመክፈቻው ማግስት ነው።

ሰዓቱም የፓሪስን አይመስልም። እኛ ሎስ አንጀለስን በ10 ሰዓት እንቀድማለን። እዚያ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የሚሮጥ ለእኛ ምሽት 1 ሰዓት ነው፤ ራት ላይ ይደርሳል። እዚያ ምሽት 12 ሰዓት የሆነው ግን ለእኛ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። «ማን ይነሳል?» ይሉኛል። አብሽሩ፣ በወሎ በዚያ ሰዓት ብዙ ሰው ተነስቷል። አንዱ ለፈጅር ውዱእ ያደርጋል፣ ሌላዋ ነጠላዋን ለብሳ ለኪዳን ትወጣለች። ከዚያ ሲመለሱ ዝናቡ ካልበረታና መብራት ካልሄደ፣ አንዱ ቤት ውስጥ ከሰል ተያይዞ ሩጫው ገና ስድስተኛ ዙር ላይ ይሆናል።