ትርፉ ቦታ የማን ነው? የቲኬ የመስኮት ሌይአውት

ቲኬ መስኮት፣ በተን፣ ሜኑና የጽሑፍ ሳጥን ያላቸውን ፕሮግራሞች ለመሥራት የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ጆን ኡስተርሃውት በካሊፎርኒያው የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1988 ቲክል የተባለውን ቋንቋ ጀመረ፤ ቲኬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቋንቋው ተጓዳኝ ሆኖ ብቅ አለ። በሁለቱ ሥራዎቹ እ.ኤ.አ. በ1997 የኤሲኤምን (የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበርን) የሶፍትዌር ሲስተም ሽልማት ወስዷል። ዛሬ ቲክልን በስም እንኳ ሰምቶ የማያውቅ ተማሪ ቲኬን የሚያገኘው ፓይተን በተባለው ቋንቋ በኩል ነው። ቲኬን ለፓይተን የሚያቀርበው ቲኪንተር ከቋንቋው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ጀማሪው የመጀመሪያ ኮዱን የሚጽፍበት አይድል ራሱ የተሠራው በእሱ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ይጥማል፤ በአሥር መስመር ኮድ መስኮት ይከፈታል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ሰው የመስኮቱን ጥግ በማውዝ ይዞ ሲጎትት ነው። መስኮቱ ይሰፋል፣ ውስጡ ያሉት ዊጀቶች (በተኑ፣ ሳጥኑ፣ ጽሑፉ) ግን ላይኛው ግራ ጥግ ላይ እንደተኮለኮሉ ይቀራሉ፤ የቀረው ግራጫ ሜዳ ነው። ኮዱ ስህተት የለበትም። ፕሮግራመሩ አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ስላለፈ ብቻ ነው፦ የተገኘው ትርፍ ቦታ የማን ነው?

በቲኬ መጠን የሚወሰነው በድርድር ነው። እያንዳንዱ ዊጀት በያዘው ነገር ተነሥቶ የሚበቃውን ይጠይቃል፤ ሌብል፣ ማለትም ጽሑፍ ብቻ የሚያሳየው ዊጀት፣ የጽሑፉንና የፎንቱን ልክ አስልቶ «ይህን ያህል ፒክሰል ይበቃኛል» ይላል። ጂኦሜትሪ ማኔጀር የሚባለው ክፍል የልጆቹን ጥያቄ ሰብስቦ ለወላጁ ፍሬም፣ ማለትም ዊጀቶቹን በውስጡ ለያዘው ሳጥን፣ ልክ ያወጣል፣ ፍሬሙም ለራሱ ወላጅ ያስተላልፋል፤ እንዲህ እያለ እስከ ዋናው መስኮት ይደርሳል። ተጠቃሚው መስኮቱን ሲጎትት ደግሞ መንገዱ ይገለበጣል፦ ልኩ ከላይ ታዞ ወደ ልጆቹ ይወርዳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መስኮቱ አንዴ በእጅ ከተጎተተ፣ ወይም በኮድ ቁርጥ ያለ ልክ ከተሰጠው፣ ከዚያ በኋላ የልጆቹን ጥያቄ አይሰማም። ሌብሉ ላይ ረጅም ጽሑፍ ቢመጣ መስኮቱ አይሰፋም፤ ጽሑፉ ይቆረጣል። ልኩን በባዶ ጽሑፍ ሲተኩለት ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል።

ማኔጀሮቹ ሦስት ናቸው፦ ፓክ፣ ግሪድና ፕሌስ።

ፓክ እንደ ጨርቅ ነጋዴ ነው። መጀመሪያ ለመጣው ከአንድ ጎን ሙሉውን ወርድ ቀድዶ ይሰጣል፣ ቀጣዩ ከቀረው ላይ ይቀደድለታል። ስለዚህ ተራ ትልቅ ነገር ነው። መስኮቱ ሲጠብ ጨርቁ የሚያልቅበት የመጨረሻው ሰልፈኛ ነው። ብዙ ፕሮግራም ላይ መስኮቱ ትንሽ ሲያንስ ታች ያለው የስታተስ ባር (ሁኔታውን የሚናገረው ቀጭን መስመር) ድራሹ የሚጠፋው ዋናው የጽሑፍ ቦታ ቀድሞት ስለተሰለፈ ነው። መድኃኒቱ አንድ መስመር ኮድ ወደ ላይ ማውጣት ነው፤ የስታተስ ባሩን መጀመሪያ፣ ትልቁን የጽሑፍ ቦታ መጨረሻ። ፓክ ላይ ኤክስፓንድና ፊል የሚባሉ ሁለት ምርጫዎችም አሉ፣ ሁሌም ይምታታሉ። ኤክስፓንድ ግቢውን ያሰፋል፤ ፊል ግቢው ውስጥ ያለውን ቤት እስከ አጥሩ ይለጥጣል።

ግሪድ ወደ ቲኬ የገባው ዘግየት ብሎ ነው፤ ዛሬ ግን ለፎርም ከእሱ ሌላ ማሰብ ድካም ይመስለኛል። ቦታውን በረድፍና በዓምድ ይከፍላል። ትርፍ ቦታ ለማን እንደሚሄድ የሚናገረው ዌይት የሚባለው ቁጥር ነው፣ ካልነኩት ደግሞ 0 ነው። ያ ሁሉ ግራጫ ሜዳ የመጣው ከዚህ ዜሮ ነው፤ ማንም ዓምድ ትርፉን አልጠየቀም። ሌላው አለመግባባት ዌይት ጠቅላላውን ስፋት ያካፍላል ብሎ ማሰብ ነው። አንድ ዓምድ 100 ፒክሰል፣ ሌላው 60 ጠይቀዋል እንበል፤ ዌይታቸው 3 እና 1 ነው። መስኮቱ በ200 ፒክሰል ቢሰፋ የሚካፈለው 200ው ብቻ ነው፦ ለመጀመሪያው 150፣ ለሁለተኛው 50። ውጤቱ 250 እና 110 ይሆናል፤ ሦስት ለአንድ የጠበቀ ሰው ኮዱን ደጋግሞ ቢያነብ ስህተት አያገኝም። ጠቅላላው ስፋት በልኩ እንዲካፈል የሚፈልግ ዩኒፎርም የሚባለውን ይጨምርበታል።

አንድ የምዝገባ ፎርም እንውሰድ። በግራ ዓምድ «ስም»፣ «የአባት ስም»፣ «የአያት ስም»፣ «አስተያየት» የሚሉ ሌብሎች፤ በቀኝ ዓምድ የሚሞሉት ሳጥኖች። ሌብል ቢለጠጥ የሚጠቅመው የለም፣ ዌይቱ 0 ይሁን። የቀኙ ዓምድ 1 ይሰጠው። ከረድፎቹ መካከል ቁመት የሚጠቅመው «አስተያየት» ብቻ ስለሆነ 1 ለእሱ። ይህ ግቢውን ማስፋት ነው፤ ቤቱን የሚለጥጠው ስቲኪ የሚባለው የግሪድ ምርጫ ነው። የስም ሳጥኖቹ ምሥራቅና ምዕራብን (ቀኝና ግራን) እንዲይዙ፣ የአስተያየቱ ሳጥን አራቱንም አቅጣጫ እንዲይዝ ይታዘዛሉ። ዌይት ሰጥቶ ስቲኪን የረሳ ሰው ሳጥኑን ሰፊ ክፍል መሃል ብቻውን ቆሞ ያገኘዋል። «አስቀምጥ» እና «ሰርዝ» በተኖች የራሳቸው ትንሽ ፍሬም ውስጥ ገብተው ታች በስተቀኝ ይቀመጣሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ፎርሙ አሁንም ካልተነቃነቀ፣ ከአሥር ጊዜ ዘጠኙን ምክንያቱ አንድ ነው፦ ፎርሙን የያዘው ዋናው መስኮት ራሱ ዌይት አልተሰጠውም። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ትርፉ ቦታ ወደ ውስጥ አይደርስም።

ፓክንና ግሪድን በአንድ ወላጅ ሥር መቀላቀል ክልክል ነው። ቀድሞ ሁለቱ ማኔጀሮች የወላጁን ልክ እየተፈራረቁ ሲያስተካክሉ ማብቂያ አልነበራቸውም፤ ፕሮግራሙ ያለ አንዳች መልእክት ይደርቅ ነበር። ከ8.6 እትሙ ጀምሮ ቲኬ ስህተቱን በግልጽ ይናገራል። በተለያዩ ፍሬሞች ውስጥ ከሆነ ግን እንደልብ መቀላቀል ይቻላል፣ ጥሩ ልማድም ነው።

ፕሌስ «እዚህ ነጥብ ላይ አስቀምጥ» የሚል ነው። በፒክሰል ወይም በመቶኛ ይሠራል፤ ለወላጁ ግን ልክ አይጠይቅለትም። ምስል ላይ ምልክት ለማንሳፈፍ ይጠቅማል፣ ለፎርም አይሆንም።

አማርኛ ሲገባ የድርድሩ ጥቅም ይበልጥ ይታያል። የመሙያ ሳጥን ስፋት በፊደል ቁጥር ይሰጣል፤ 20 ሲባል ግን ቲኬ የሚለካው የፎንቱን የ«0» ምልክት ስፋት 20 ጊዜ ነው። የግዕዝ ፊደላት አብዛኞቹ ከዜሮ ይሰፋሉ፤ ስለዚህ 20 የተባለ ሳጥን ሃያ የአማርኛ ፊደል አይዝም። «ወልደገብርኤል» 8 ፊደል ነው ብሎ 8 የሰጠ ሰው መጨረሻው ተቆርጦ ያየዋል። በተን ላይ ደግሞ ስፋት ባይሰጡት ይሻላል፤ ጽሑፉ ራሱ ይጠይቅ። የእንግሊዝኛው «ካንስል» በራሱ ፊደል 6 ነው፣ «ሰርዝ» 3፤ ለአንዱ የተሰፋ ልክ ለሌላው አይሆንም። ፎንቱም ከመነሻው ግዕዝ ያለው፣ ለምሳሌ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ፣ ቢሆን የሚለካውና የሚታየው ከአንድ ምንጭ ይመጣል።

ቲኬ በዚህ ጥያቄ ብቻውን አይደለም። መስኮት መሥሪያ የሆነው የኪውት ስትሬች፣ የጃቫ ግሪድባግ፣ በድረ ገጽ ዓለም የሲኤስኤስ ፍሌክስቦክስ ሁሉም ትርፍ ቦታን በቁጥር ያካፍላሉ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2011 በማክ ላይ ያመጣው ኦቶ ሌይአውት ሌላ መንገድ ይዟል፦ «ይህ በተን ከዚያ ሳጥን 8 ነጥብ ይራቅ» ዓይነት ስምምነቶችን እንደ ሒሳብ እኩልታ ይፈታል። ኃይለኛ ነው፤ ሁለት ስምምነቶች ሲጋጩ የሚተፋውን ረጅም መልእክት ማንበብ ግን የራሱ ሙያ ይጠይቃል።

መስኮቱ እንዳይጎተት መከልከልም ይቻላል። ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ለሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን አልቃወምም፤ ለሌላው ግን ዝቅተኛውን ልክ መወሰን ይሻላል። ያንን ልክ በግምት ከመጻፍ መስኮቱን ራሱን «ስንት ጠየቅህ?» ማለት ነው። ጥያቄው በጊዜው ይቅረብ እንጂ። መስኮቱ ገና ሳይሣል አሁን ያለውን ስፋት የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ 1 ፒክሰል ነው። መጀመሪያ የተጠራቀመውን ሥራ እንዲጨርስ ማዘዝ፣ ከዚያ የጠየቀውን ስፋትና ቁመት ወስዶ ዝቅተኛ ልክ ማድረግ፤ ከዚያ በኋላ ተጠቃሚው ቢያጠበው እንኳ «አስቀምጥ» የሚለው በተን ከስክሪኑ አይጠፋም።