«በብርሃን መመላለስ» ምን ማለት ነው?

ለእኛ መመላለስ ማለት ለአንድ ማህተም ቀበሌ ሦስት ቀን መሄድ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ግን አኗኗር ማለት ነው።

ብዙ ሰው «በብርሃን የሚመላለስ ኃጢአት የለበትም» ብሎ ይረዳዋል። አይደለም። 1ኛ ዮሐንስ 1፥7 በብርሃን የምንመላለስ ከሆነ የኢየሱስ ደም ከኃጢአት ያነጻናል ይላል። የጸዳ ሰው ምኑ ይነጻል? ቁጥር 8 ደግሞ «ኃጢአት የለብንም» ማለት ራስን ማሳት ነው ይላል።

ቢቸና አያቴ ቤት መብራት ሲጠፋ ኩራዝ ይለኮሳል። ያኔ የግድግዳው ጥቀርሻ ይታያል። ኩራዙ አላመጣውም (እሺ፣ ትንሽ አምጥቶ ይሆናል)፤ አሳየው እንጂ። ጨለማ ማለት ኩራዙን እፍ ብሎ «ቤቴ ንጹሕ ነው» ማለት ነው። አያቴ የንስሐ አባቷ ሲመጡ አንገቷን ደፍታ ሁሉንም ትነግራቸዋለች። እሷ በብርሃን እየተመላለሰች ነው።